የማይታወቅበት ባሕር ዳር ላይ የወጣ አሳ ነባሪ ስታገኙ ዓይነቱን እንዴት ትለያላችሁ

ሜይ 8 ቀን 2010 (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ከቴል አቪቭ ትንሽ ሰሜን ብሎ ሄርዝሊያ ፊት ለፊት አንድ ትልቅ አሳ ነባሪ ታየ። መጀመሪያ ላይ ስፐርም ዌል ሚባለው ዓይነት ነው ተባለ፣ እዚህ ባሕር ላይ ሚጠበቀውም እሱ ነው፣ ስፐርም ዌል ሜዲትራኒያን ውስጥ ይኖራል፣ ጀርባው ላይ ደህና ክንፍ የለውም፣ ያ የታየውም የለውም፣ በቃ ገጠመ። በኋላ ፎቶዎቹን ቁጭ ብለው ሲያዩ ግን ግሬይ ዌል ሆኖ ተገኘ። ግሬይ ዌል ማለት ደግሞ በዓለም ላይ የቀረው ሰሜን ፓስፊክ ውስጥ ብቻ ነው ሚባል እንስሳ ነው፣ አትላንቲክ ላይ የነበረው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ አልቋል። ከ22 ቀን በኋላ ያው ራሱ እንስሳ ባርሴሎና ጋ ታየ፣ አንድ መሆኑ የታወቀው ጭራው ላይ ባለው ምልክት ነው።

ይሄን ታሪክ ደጋግሜ የማነሳው ሰዎቹን ለመውቀስ አይደለም፣ እንዲያውም ስህተቱ የታረመው እነሱ ፎቶ ስላነሱና ተመልሰው ስላዩት ነው። ነገሩ ሁላችንም ላይ ያለ ነው። አንድ እንስሳ ስናይ አእምሯችን መጀመሪያ "እዚህ አካባቢ ምን አለ?" ይልና ካለው ውስጥ የሚመስለውን ይመርጣል፣ ሰፈር ውስጥ ከጀርባው ያየነውን ሰው እገሌ ነው ብለን እንደምንጠራው ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜም እገሌ ሆኖ ይገኛል። ከአገሩ ርቆ የመጣ እንግዳ ሲሆን ግን ይሄ መንገድ ራሱ ነው ሚያሳስተን፣ ምክንያቱም ትክክለኛው ስም ከያዝነው ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ዋናው ምላችሁ ነገር ይሄ ነው፣ እንስሳውን መጀመሪያ ለብቻው እዩት፣ አካሉ ላይ ያለውን መዝግቡ፣ የትኛው የት ይኖራል ሚለውን ካርታ ከዛ በኋላ ክፈቱ።

አሳ ነባሪ የኛ ጉዳይ አይመስልም ይሆናል፣ አገራችን ባሕር የላትም፣ ስሙንም አብዛኞቻችን የሰማነው በጾመ ነነዌ ከዮናስ ታሪክ ጋር ነው። ግን አሁን ስንቶቻችን ነን ባሕር ዳር የምንኖረው፣ ኔታንያ፣ አሽዶድ፣ አሽቀሎን፣ ጅዳ፣ ዱባይ፣ ሙስካት፣ ቨርጂኒያ። እኔ ራሴ ደቡብ እስራኤል ጠዋት ጠዋት ባሕር ዳር እሄዳለሁ፣ አንድ ቀን የሞተ ዶልፊን አገኘሁና ፊቱን ብቻ ሦስት ፎቶ አንስቼ ሄድኩ። በኋላ ለሚያውቅ ሰው ሳሳየው ጥርሱ ስንት ነው አለኝ፣ የጀርባ ክንፉስ፣ ርዝመቱስ፣ አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። ከሰዓት ስመለስ ቦታው ላይ የለም፣ ተነስቷል። ምን ዓይነት ዶልፊን እንደነበር እስከዛሬ አላወቅኩም፣ ይቆጨኛል። ይሄን ሁሉ መማር የጀመርኩት ከዛ ቀን በኋላ ነው።

የዓይነቶቹን ስም በተመለከተ፣ አማርኛ ለብዙዎቹ ስም ስላላወጣላቸው በሚጠሩበት በፈረንጁ ስም ነው ምጽፈው።

እሺ፣ መለየቱ ውስጥ ከመግባታችን በፊት፣ እንስሳው ይተነፍሳል ወይ? ከተነፈሰ የመለየት ነገር ይቆይ፣ መጀመሪያ ስልክ ደውሉ። እስራኤል ውስጥ የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ኮከብ 3639 ነው፣ አሜሪካ ከሜይን እስከ ቨርጂኒያ ባለው ባሕር ዳር 866 755 6622፣ ሌላ አገር ከሆናችሁ ፖሊስ ወይም የባሕር ጠባቂ ጋ ደውላችሁ እንዲያገናኟችሁ ጠይቁ። ሰው እስኪመጣ ድረስ ሕዝቡንና ውሻውን አርቁ፣ ዝም በሉ፣ ከቻላችሁ በእርጥብ ፎጣ አልብሱት፣ ራሱ ላይ ያለው መተንፈሻ ቀዳዳ ላይ ግን ፎጣም ውሃም አሸዋም እንዳይደርስ። ጭራውን ወይም የደረት ክንፉን ይዛችሁ እንዳትጎትቱ፣ ይሰበራል፣ ደሞ አንዴ ጭራውን ቢያወራጭ ሰው ይገድላል። በራሳችሁ ወደ ባሕር መልሳችሁ ለመግፋት አትሞክሩ፣ ታሞ የወጣ ከሆነ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዶ ይወጣና ሁለተኛውን ሥቃይ ነው ያተረፋችሁለት።

የሞተ ከሆነም በባዶ እጅ አይነካም። አሳ ነባሪና ዶልፊን እንደኛው አጥቢ ስለሆኑ ከነሱ ወደ ሰው ሚተላለፍ በሽታ አለ፣ ብሩሴላ አንዱ ነው፣ የወፍ ጉንፋን ቫይረስም ዶልፊኖች ላይ ተገኝቷል። ጓንትና ማስክ፣ ከነፋሱ ወዲያ ሳይሆን ነፋሱ ከጀርባችሁ በሚመጣበት በኩል መቆም። ሆዱ የተነፋ ትልቅ በድን ጋ አትጠጉ፣ 2004 ላይ ታይዋን ታይናን ከተማ ውስጥ 17 ሜትር የሆነ ስፐርም ዌል በትልቅ መኪና ተጭኖ ሲሄድ ውስጡ በተጠራቀመው ጋዝ መንገድ ላይ ፈንድቶ መኪናውንም ሱቁንም ሰውንም በደምና በሆድ ዕቃ አልብሶታል። ጥርስ ወይም አጥንት ለማስታወሻ ብላችሁ እንዳታነሱ፣ በብዙ አገር በሕግ ያስጠይቃል፣ አሜሪካ ከ1972 ጀምሮ ለባሕር አጥቢዎች የወጣ ሕግ አላት፣ ከሕጉም በላይ ግን ያቺ የወሰዳችኋት ጥርስ ስሙን የምትነግረን ብቸኛ ማስረጃ ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደ እንስሳው። መጀመሪያ ጭራውን እዩ። ጭራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጋደም ብሎ ከተዘረጋ አሳ ነባሪ ወይም ዶልፊን ነው፣ ቀጥ ብሎ ከቆመ ዓሣ ነው። ቀላል ይመስላል ግን ዌል ሻርክና ባስኪንግ ሻርክ ሚባሉት ትልልቅ ሻርኮች ባሕር ዳር ሲወጡ "አሳ ነባሪ ተገኘ" ተብሎ ይወራል፣ ባስኪንግ ሻርክ ደግሞ ሲበሰብስ መንጋጋው ቀድሞ ይወድቅና ረጅም አንገት ያለው ጥንታዊ አውሬ ይመስላል።

ቀጥሎ አፉን። ጥርስ አለው ወይስ ባሊን? ባሊን ማለት ከላይኛው ድድ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ጥፍራችን ከተሠራበት ከራቲን የተሠራ፣ እንደ ማበጠሪያ በተርታ ቆሞ በውስጥ በኩል ጸጉር ያለው ነገር ነው፣ ትንንሽ ዓሣና ፍጥረቱን ከውሃው ሚያጠሉበት ወንፊት በሉት። ባሊን ያላቸው ራሳቸው ላይ ሁለት መተንፈሻ ቀዳዳ አላቸው፣ ጥርስ ያላቸው አንድ። ይቺ ነገር ወርቅ ናት፣ ምክንያቱም ባሊን ከሞተ በኋላ ከድዱ ተላቆ ሊወድቅ ይችላል፣ ብዙ ጥርስ ያላቸው ዓይነቶችም ጥርሳቸው ከድድ ሳይወጣ ይቀራል፣ "አፉ ባዶ ነው" ብላችሁ ግራ ስትጋቡ ቀዳዳው ይነግራችኋል። የሄርዝሊያውም ነገር እዚህ ጋ ነው ሚፈታው። ስፐርም ዌልም ግሬይ ዌልም ትክክለኛ የጀርባ ክንፍ የላቸውም፣ ሁለቱም ዝቅ ያለ ጉብታና ከሱ ወደ ጭራ ሚሄዱ እንደ ጉልጥምት ያሉ ጉብጉብታዎች አላቸው፣ ከሩቅ ጀርባቸውን ብቻ ካያችሁ ይመሳሰላሉ። ስፐርም ዌል ግን አንድ ቀዳዳ ነው ያለው፣ እሱም ራሱ ጫፍ ላይ ወደ ግራ ያዘነበለ፣ ትንፋሹም ወደ ፊትና ወደ ግራ ነው ሚሄደው። ግሬይ ዌል ሁለት ቀዳዳ፣ ትንፋሹ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ባሊን ያለው መሆኑን ካወቃችሁ ቀጥላችሁ ጉሮሮውን ተመልከቱ። ጉሮሮው ላይ እንደተሸበሸበ ቀሚስ ከአገጩ ወደ ሆዱ ሚወርድ ብዙ እጥፋት ካለ ከነ ፊን ዌል፣ ብሉ ዌል፣ ሃምፕባክ፣ ሚንኬ ወገን ነው። ምንም እጥፋት ከሌለውና ባሊኑ በጣም ረጅም ከሆነ፣ እስከ 2 ሜትር ከምናምን ማለት ነው፣ ራሱ ላይም ሻካራ ነጫጭ ቁርፍድፍድ ካለ ራይት ዌል። ሁለት እስከ አምስት የሚሆን አጭር እጥፋት ብቻ ካለው፣ ቆዳው ዥጉርጉር ሆኖ ባርናክል ሚባሉት እንደ ድንጋይ የተጣበቁ ነገሮች ካሉበት፣ ባሊኑም አጭርና ቢጫ ነጣ ያለ ከሆነ ግሬይ ዌል ነው፣ የትም ብታገኙት። የትም ያልኩት በምክንያት ነው፣ ከ2010ሩ በኋላ 2013 ላይ አንድ ግሬይ ዌል ናሚቢያ ዋልቪስ ቤይ ታየ፣ ከምድር ወገብ በታች የመጀመሪያው፣ 2021 ላይ አንድ ገና ወጣት የሆነ በሞሮኮ፣ በጣሊያንና በፈረንሳይ ባሕር ዳር ሲንከራተት ከረመ፣ ማርች 2024 ደግሞ አሜሪካ ናንቱኬት ደሴት አካባቢ። የናሚቢያው ከመጣበት ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሳይዋኝ አልቀረም ነው ሚባለው። የሰሜን ዋልታ በረዶ በበጋ መቅለጡ ከፓስፊክ ወደ አትላንቲክ መንገድ እየከፈተላቸው ነው ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው።

እጥፋት ካላቸው ውስጥ መለየቱ ነው ሚከብደው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ታገሱኝ። ሃምፕባክ ይቀላል፣ የደረት ክንፉ የአካሉን ሲሶ ያህላል፣ ራሱና መንጋጋው ላይ እብጥ እብጥ ያለ ነገር አለው። የሌሎቹን ደግሞ እጥፋቱ የት ጋ ነው ሚያልቀው ብላችሁ እምብርቱን ፈልጉ። ሚንኬና ሴይ ዌል ላይ እምብርቱ ጋ ሳይደርስ ያቆማል፣ ብሉ፣ ፊንና ብራይድስ ላይ እምብርት ድረስ ወይም አልፎ ይሄዳል። ከዛ ራሱን ከላይ እዩ፣ ከአፍንጫው ቀዳዳ እስከ አፉ ጫፍ ሚሄድ አንድ ጠርዝ ብቻ ካለ አብዛኞቹ እንደዛ ናቸው፣ ሦስት ጠርዝ ጎን ለጎን ካለ ብራይድስ ነው፣ ወይም ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ከሆናችሁ የቅርብ ዘመዱ ራይስስ ዌል፣ 2021 ላይ ነው ለብቻው ስም የወጣለት፣ ለመለያ የሆነው በድንም 2019 መጀመሪያ ላይ ፍሎሪዳ የወጣ ነው። ፊን ዌል ደግሞ አንድ የሚገርም ምልክት አለው፣ የታችኛው መንጋጋ በቀኝ ነጭ በግራ ጥቁር ነው፣ ስለዚህ በአንድ ጎን ብቻ ፎቶ ካነሳችሁ ግማሹን መረጃ ጣላችሁት። ፌብሩዋሪ 2021 ደቡብ እስራኤል ኒጻኒም ባሕር ዳር የወጣው 17 ሜትሩ ፊን ዌል ነበር፣ እሱ ለሜዲትራኒያን እንግዳ አይደለም፣ ሌላ እንግዳ ሲመጣ ምታወዳድሩት ግን ከሱ ጋር ነው።

ቀኝና ግራው መለያየቱን አይታችሁ ወዲያው ፊን ዌል ነው እንዳትሉ ደግሞ፣ ኦሙራስ ዌል ሚባለውም መንጋጋው እንደዛ ነው፣ በጣም ያነሰ እንስሳ ቢሆንም፣ 10 ሜትር አካባቢ። ኦሙራስ ራሱ እስከ 2003 ድረስ ብራይድስ እየተባለ ነበር የኖረው። በሕንድና በፓስፊክ ውቅያኖስ ነው ሚታወቀው ሲባል ኖቬምበር 2013 ላይ 4 ሜትር ገደማ ሚሆን ግልገል ሞሪታኒያ ባሕር ዳር ላይ ወጣ፣ አትላንቲክ ማለት ነው፣ በዲኤንኤ ነው የተረጋገጠው። ግልገል ሲሆን ሁሌም ሁለት እጥፍ ተጠንቀቁ፣ ቀለሙም መጠኑም ከመጽሐፉ ሥዕል ጋ አይገጥምም፣ ትንሽ ስለሆነ ብቻ ሚንኬ ነው ማለት አይቻልም።

ጥርስ ያላቸውን በተመለከተ፣ ስፐርም ዌል ራሱ ሲሶ አካሉ ነው፣ የታችኛው መንጋጋ ቀጭን ሆኖ ትልልቅ ጥርስ በሁለት ረድፍ፣ ከላይ ደግሞ ጥርሶቹ ሚገቡበት ጎድጓዳ፣ ቅርብ ሆኖ ያየው አይሳሳትም። ከ3 ሜትር ተኩል ማይበልጡ ፒግሚና ድዋርፍ ስፐርም ዌል አሉ፣ አፋቸው እንደ ሻርክ ከታች ነው፣ ከዓይናቸው ኋላ እንደ ዓሣ ስንጥብ ሚመስል መስመር አላቸው፣ ሰው ሻርክ ነው ብሎ ትቷቸው ይሄዳል። ኦርካን ሁሉም ያውቀዋል። ቤሉጋም ሲያድግ ነጭ ነው፣ የጀርባ ክንፍ የለውም፣ ኦገስት 2022 ፈረንሳይ ሴን ወንዝ ውስጥ ሲገባ ማንም አልተከራከረም፣ አራት ሜትር የሆነ ነጭ የሰሜን ዋልታ እንስሳ ፓሪስ አቅራቢያ፣ ሊያድኑት ብዙ ለፍተው መንገድ ላይ ተዳክሞ በመርፌ አሳረፉት። አስቸጋሪዎቹ ግን እነዚህ አይደሉም።

አስቸጋሪዎቹ ባለ ምንቃሮቹ ናቸው። ፈረንጆቹ ቢክድ ዌል ይሏቸዋል፣ ከ20 በላይ ዓይነት አሉ፣ ጥልቅ ባሕር ውስጥ ስለሚኖሩ በሕይወት ሳይታዩ በበድን ብቻ የታወቁ አሉባቸው። ወገኑን መለየት ቀላል ነው፣ ጉሮሮው ላይ ወደ ፊት ሚገናኙ ሁለት መስመሮች፣ ትንሽ የጀርባ ክንፍ ወደ ጭራው ቀረብ ብሎ፣ ጭራው መሃል ላይ ደግሞ ሌሎቹ ያላቸው ስንጥቅ የለም። ከዛ በኋላ የትኛው ባለ ምንቃር ነው ሚለው ግን የታችኛው መንጋጋ ላይ ባለች አንድ ጥንድ ጥርስ ነው ሚወሰነው፣ ጥርሷ መንጋጋው ጫፍ ላይ ናት፣ መሃል ላይ ናት፣ ምን ትመስላለች። እሷም ምትወጣው አብዛኛውን ጊዜ ያደገ ወንድ ላይ ብቻ ነው። ሴት ወይም ግልገል ካገኛችሁ በዓይን ብቻ ቁርጥ ያለ ስም አትስጡ፣ ባለሙያም ይሳሳታል። ከ1975 እስከ 1979 ካሊፎርኒያ ላይ የወጡ አራት በድኖች ሄክተርስ ቢክድ ዌል ተብለው ተመዘገቡ፣ ሄክተርስ ደግሞ የደቡቡ ንፍቀ ክበብ እንስሳ ነው፣ ስለዚህ "ከክልሉ ውጭ የተገኘ" ተባለ። 2002 ላይ በዲኤንኤ ሲታይ እንግዳ አልነበሩም፣ እስከዛ ስም ያልወጣለት ሌላ ዓይነት ነበሩ፣ ፔሪንስ ቢክድ ዌል ተባሉ። እዩት እንግዲህ፣ ርቆ የመጣ ነው ማለትም ራሱ ስህተት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን በጣም ሚይዘኝ የኒው ዚላንዱ ነው። ዲሴምበር 31 ቀን 2010 ኦፓፔ ባሕር ዳር አንዲት እናትና ወንድ ግልገሏ ወጥተው ሞቱ፣ እሷ 5 ሜትር ከ30፣ እሱ 3 ሜትር ተኩል። ግሬይስ ቢክድ ዌል ተባሉ (ከላይ ካነሳሁት ግሬይ ዌል ጋ አታምታቱት፣ ሌላ ነው)፣ ምክንያቱም እዛ አገር ከባለ ምንቃሮቹ በብዛት ሚወጣው እሱ ነው። ፎቶ ተነሱ፣ ተለኩ፣ ከሥጋቸው ናሙና ተወሰደ፣ ተቀበሩ። ናሙናው ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲመረመር ስፔድ ቱዝድ ዌል ሆነ፣ ከዛ በፊት በ1872 ከተገኘ መንጋጋና ከሁለት ራስ ቅል ክፍሎች በስተቀር በዓለም ላይ ማንም አካሉን አይቶት የማያውቅ እንስሳ። 2012 ላይ ይፋ ሆነ። ተመልሰው ፎቶውን ሲያዩትኮ ልዩነቱ እዛው ነው ያለው፣ ግሬይስ ምንቃሩ ነጭ ነው፣ የነዚህ ጥቁር ነበር። ዓይን አይቶታል፣ ግን ሚጠበቀው ስም ቀድሞ ስለተሰጠ ማንም ልብ አላለውም። ጁላይ 2024 ላይ ኦታጎ ውስጥ 5 ሜትር ሚሆን ወንድ ሲወጣ ግን ሰዎቹ በዓይን ጠረጠሩት፣ ቶሎ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡት፣ ዲሴምበር ላይ ከማኦሪዎቹ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ጋር ሆነው በእርጋታ መረመሩት። ከ1872 ጀምሮ እስከዛ ድረስ የተመዘገቡት እሱን ጨምሮ ሰባት ብቻ ናቸው።

ለኛ አካባቢም ታሪክ አለው ይሄ ነገር። ሎንግማንስ ቢክድ ዌል ሚባለው 1882 አውስትራሊያ ከተገኘ አንድ ራስ ቅል በስተቀር የትም አይታወቅም ነበር፣ ሁለተኛው 1955 ላይ ሶማሊያ ውስጥ ዳናኔ ተገኘ፣ የት መሰላችሁ፣ የማዳበሪያ ፋብሪካ ወለል ላይ። ዓሣ አጥማጆች በድኑን አግኝተው አጥንቱ ለማዳበሪያ ተፈጭቶ አልቆ ራስ ቅሉና መንጋጋው ብቻ ተርፏል። ሰው አይቶ ባያነሳው ኖሮ የምሥራቅ አፍሪካ ባሕር ላይ መኖሩ በዛ ጊዜ ባልታወቀ። አሰብ፣ ምጽዋ፣ ጅቡቲ፣ በርበራ ባሕር ዳር ያላችሁ ሰዎች ይሄን ስታነቡ ያገኛችሁትን አጥንት አትናቁ፣ ራስ ቅል ከሆነ በሁሉም በኩል ፎቶ አንሱት።

እንግዲህ ፎቶ። ሙሉ አካሉን በግራም በቀኝም፣ ከጎኑ ቀጥ ብላችሁ፣ በጣም ተጠግታችሁ በሰፊ ሌንስ አታንሱ፣ ራሱን ያሳብጠዋል። ከዛ ራሱን ከላይና ከጎን፣ መተንፈሻ ቀዳዳውን፣ አፉን ውስጡን፣ ጉሮሮውን፣ የጀርባ ክንፉን፣ የደረት ክንፉን፣ ጭራውን ከላይም ከታችም፣ ጠባሳ ካለ ጠባሳውን፣ ከሆዱ በታች ያለውን የብልት ስንጥቅ። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ያፍራል ግን ጾታውን ምትነግር እሷ ናት፣ ሴት ከሆነች ስንጥቁና ፊንጢጣዋ በጣም ይቀራረባሉ፣ ግራና ቀኝ ደግሞ ትንንሽ የጡት ስንጥቆች አሉ። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ መጠኑን ሚያሳይ ነገር አስቀምጡ፣ ማስመሪያ ከሌላችሁ ጫማ ወይም የውሃ ጠርሙስ፣ በኋላ ያንን ጫማ ትለኩታላችሁ። ርዝመቱን ስትለኩ ከላይኛው መንጋጋ ጫፍ እስከ ጭራው መሃል፣ ሜትሩን አካሉ ላይ ሳታስደግፉ ጎኑ አሸዋው ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ዘርጉ፣ በሆዱ ላይ ካዞራችሁት የተነፋ በድን ላይ ብዙ ይጨምርባችኋል። ጥርስ ካለ በአንድ ጎን ስንት እንደሆነ ቁጠሩ፣ ባሊን ካለ የረጅሙን ርዝመትና ቀለሙን፣ ከፊት ያለውና ከኋላ ያለው ቀለሙ ይለያይ እንደሆነም ጻፉ።

በድኑ ቆየት ያለ ከሆነ ቀለሙን አትመኑት። የላይኛው ጥቁር ቆዳ እንደ ወረቀት ይላጥና ከሥሩ ነጭ ይወጣል፣ ከዛ "ነጭ አሳ ነባሪ" ተብሎ ይወራል። ምላሱ ያብጣል፣ ጉሮሮው እንደ ፊኛ ይነፋል፣ የጀርባ ክንፉን ሻርክ ወይም ወፍ በልቶት ክንፍ የሌለው ይመስላል፣ ስለዚህ ክንፍ የለውም ከማለታችሁ በፊት ቦታው ላይ የተቆረጠ ጠባሳ አለ ወይ ብላችሁ እዩ። በጣም ሲበሰብስ ደግሞ አጥንቱ ይወድቅና ጨርቅ የመሰለ ነጭ ክምር ብቻ ይቀራል፣ 2003 ላይ ቺሊ ሎስ ሙዌርሞስ ላይ የወጣው 13 ቶን ክምር ግዙፍ ኦክቶፐስ ነው ሲባል ከርሞ በዲኤንኤ ስፐርም ዌል ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው ላይ ሚታመነው አጥንቱ፣ ጥርሱ፣ ባሊኑና ዲኤንኤው ነው፣ ቅርጹ አይደለም።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለ ሰው ሚረሳው፣ ሕያው ሆኖ ነው የመጣው ወይስ ሞቶ በማዕበል ተገፍቶ? ከክልሉ ውጭ ተገኘ ለማለት ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው፣ በድን ሳምንታት ተንሳፎ ካልኖረበት ባሕር ሊደርስ ይችላል፣ በመርከብ አፍንጫ ላይ ተሰክቶ ከሩቅ የመጣም አለ። ትኩስ ከሆነ፣ ዓይኑ ካልፈሰሰ፣ ሆዱ ሥር አሸዋው ላይ የመታገል ምልክት ካለ፣ መተንፈሻው ውስጥ አሸዋ ከገባ በሕይወት ሳይወጣ አልቀረም። የቆየና የተበላ ከሆነ ያለፉትን ቀናት የነፋስ አቅጣጫ መዝግቡ።

ስም ለመስጠት ያን ጊዜ ነው ካርታ ሚከፈተው። አካሉ ላይ ያያችሁት አንድ ዓይነትን ሲያሳይ ካርታው ደግሞ "እዚህ የለም" ካላችሁ፣ አካሉን አትጣሉት፣ ሁለቱንም ጻፉ። "ግሬይ ዌል ይመስላል፣ ሁለት ቀዳዳ፣ አራት እጥፋት፣ የጀርባ ክንፍ የለም" ብሎ መጻፍ "ግሬይ ዌል ነው" ከማለት ይበልጣል፣ ምክንያቱም ባለሙያው ከስማችሁ ጋ ሳይሆን ከምልክቶቹ ጋ ነው ሚሠራው። ስልክ ላይ ፎቶ ሲሰጡት ስም ሚነግሩ አፖችን በተመለከተ እኔ ለእንዲህ ያለው አልመክርም፣ አንዳንዶቹ ቦታችሁን አይተው በአካባቢው ያለውን ነው ሚያስቀድሙት፣ ልክ መጀመሪያ ላይ የጠቀስኩት ዓይነት ስህተት ማለት ነው።

የመጨረሻውን ፍርድ ሚሰጠው ናሙና ነው፣ ናሙናውን ሚወስደው ግን ፈቃድ ያለው ሰው ነው። የናንተ ሥራ በድኑ ተነስቶ ከመቀበሩ በፊት ሰው እንዲደርስ መወትወት ነው፣ የጽዳት ሰዎች ከመጡ በትሕትና ናሙና ተወስዶ እንደሆነ ጠይቋቸው፣ ካልተወሰደ የት እንደሚቀበር ጂፒኤሱን ያዙ፣ የኦፓፔዎቹ እናትና ግልገል አጥንታቸው በኋላ ተቆፍሮ የወጣው ቦታው ስለሚታወቅ ነው። ለናሙና የጥፍር ያህል ቆዳ ይበቃል፣ በንጹሕ አልኮል ወይም በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፣ ፎርማሊን ግን ዲኤንኤውን ስለሚያበላሽ አይሆንም።

ፎቶዎቹን ስትልኩ ደግሞ በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ አትላኩ፣ ጥራቱን ይቀንሰዋል፣ ውስጡ ያለውን ሰዓትና ቦታም ያጠፋዋል። እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ፣ ዋናውንም ከስልካችሁ አታጥፉት።